ልጡ ምን አጠፋ?

ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ቤቴን ስከፍት የገንዘብ መሳቢያዬን ተሰብሮ አገኘሁት። ውስጡ የእቁብ ብር ነበር፣ 6,400። ቤቷ ትንሽ ቁርስ ቤት ናት፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ሲገቡና ሲወጡ የሚበሉባት። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ። ብሩን የወሰደችው ከአራት ወር በፊት የቀጠርኳት ልጅ ናት። ሌሊት ወጥታ ሄዳለች። ምስማር ላይ የሰቀልኩትን ነጠላም ጨምራ ወስዳለች። ነጠላው ለምን እንደዚያ እንዳቃጠለኝ እስካሁን አላውቅም። ከብሩ እኩል አቃጠለኝ።

ልጅቷ የየት አገር ልጅ እንደሆነች፣ ብሔሯ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ታሪኩን ትታችሁ ቦታውን ትይዛላችሁ። እኔም ያን ቀን ያደረግኩት እሱኑ ነው።

ዕቃ የምታጥብልኝ ሌላ ልጅ ነበረች። የዚያችው አገር ልጅ። እኔ ቤት ከመገናኘታቸው በፊት አይተዋወቁም። እንዲያውም ይቺኛዋ ቀድማ ነው የገባችው። ያን ማለዳ ከጓሮ ድስት ስትፈትግ አገኘኋትና አፌ ላይ የመጣውን ወረወርኩት። «እናንተ ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ» አልኳት። ልክ እንዲህ ነው ያልኩት፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም።

ምንም አልመለሰችልኝም። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ጓዳ ገባችና የጨርቅ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ደንበኛ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። አንድ ቀሚስ። ሁለት ጥርሱ የወለቀ ማበጠሪያ። ሊያልቅ የደረሰ ቫዝሊን። በላስቲክ የታሰረ 140 ብር። የአንዲት ሴትዮ ጉርድ ፎቶ። ማበጠሪያው ተንሸራቶ ወለል ላይ ወደቀ፣ ማናችንም አላነሳነውም።

«ይፈትሹኝ እትዬ» አለችኝ።

እግሬ ከዳኝና ቁጭ አልኩ። ያን ሻንጣ አውቀዋለሁ። እኔም በጊዜዬ ዘርግፌዋለሁ።

የሐይቅ ልጅ ነኝ። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በኮንትራት ጅዳ ሄድኩ። ያን ጊዜ ተሁለደሬ፣ ወረባቦ፣ ባቲ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ ብትሄዱ አንድ ሰው አረብ አገር ያልላከ ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ በሕጋዊ መንገድ ወደ ሳዑዲ የሄድነው ከ100 ሺህ በላይ ነበርን፣ አብዛኞቻችን ሴቶች። ደሞዜ በወር 700 ሪያል ነው። ቤቱ ትልቅ፣ ልጆቹ አምስት። ሥራው ይበዛል እንጂ የመጀመሪያው ዓመት ክፉ አልነበረም። ማዳም ኮስታራ ብትሆንም ደሞዜን አታስቀርም። ትንሿ ልጅ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እኔ ጋ ነበር የምትተኛው። አማርኛ እየቀላቀለች መናገር ጀምራ ነበር፤ «ውሃ» ማለት ታውቃለች፣ «ነይ» ማለት ታውቃለች።

ከዚያ የ2005 ክረምት መጣ፣ ረመዳን። አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ሕፃን ገደለች ተብላ ተከሰሰች የሚል ወሬ በየስልኩ ገባ። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ እውነቱም ውሸቱም አንድ ላይ። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ከኢትዮጵያ የቤት ሠራተኛ መቅጠር ለጊዜው አቆምኩ አለች። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ነው። ሳምቡሳ ልሠራ ቢላዋ ስፈልግ አንድም የለም። ማዳም ሁሉንም ሰብስባ መኝታ ቤቷ ቆልፋባቸዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ትቆማለች። ስጨርስ ቢላዋውን ትቀበለኛለች። ልጅቷን ከኔ ክፍል አወጣቻት። ሌሊት ሌሊት በሩን በትንሽ እጇ እየደበደበች «ነይ፣ ነይ» ትላለች። በአማርኛ። እኔ ከውስጥ እሰማለሁ፤ ብከፍት ጉድ ነው፣ አልከፍትም።

ቀጥሎ ፍተሻው መጣ። በየሳምንቱ ዓርብ ሻንጣዬ ሴራሚኩ ላይ ይዘረገፋል። አንድ ጊዜ የልጆቹ የእጅ ሰዓት ጠፋ። በኋላ ሶፋ ሥር ተገኘ። ከመገኘቱ በፊት ግን ማዳም ጣቷን ወደኔ ቀስራ «ኩሉኩም ሐራሚያ» አለች። ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲደርስ ሻንጣዬን ራሴ አወጣና ሳትጠይቀኝ እዘረግፍላታለሁ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ ብትጠይቁኝ ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን ይመስለኛል፣ ሌላ ሰው ሲዘረግፈው ከማየት ራሴ ስዘረግፈው ይቀለኝ ነበር።

ማዳምን ክፉ ሴት ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ግን እናት ናት። ልጇን ከክንዴ ላይ ስትወስድ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። መንቀጥቀጡ የውሸት አልነበረም። በወሬው ውስጥም የሞተ ሕፃን አለ። እኛ አገር «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። የደነገጠውን ሰው ሁላችንም እናዝንለታለን። ተረቱን ስሰማው ያደግኩ ነኝ፣ አንድም ቀን ግን ልጡ ምን አጠፋ ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔ ያን ክረምት ልጡ ነበርኩ።

በዚያ ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች፣ የባባ፣ የማዳም ባል፣ እናት። ከአልጋ አትነሳም። ወሬው በተሰማ ማግስት ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። «አንቺ ነሽ ያደረግሽው?» አለችኝ። «አይደለሁም» አልኳት። «እንግዲያውስ ሻይ አፍዪልኝ» አለችኝ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስታው አታውቅም፣ ከእጄም መብላቷን አልተወችም።

ይህን ስነግራቸው ሰዎች ወዲያው «አየሽ፣ ደግ አረብም አለ» ይሉኛል። እኔ ከዚህ ጋር አልስማማም። በማዳም ምክንያት «አረብ ክፉ ነው» ማለት ካልተገባኝ፣ በአሮጊቷ ምክንያት «አረብ ደግ ነው» ማለትም አይገባኝም። ሂሳቡ ያው ነው፣ የተቀየረው ምልክቱ ነው። አሮጊቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መልሴን ሰማች፣ ሻይ ፈለገች። የወደድኩላት ያን ነው።

ጥቅምት 25፣ 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማፈስ ጀመረች። በዚያው ወር የኛም መንግሥት የኮንትራት ጉዞን አገደ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እኔ ኮንትራቴን ጨርሼ በኅዳር ነው የመጣሁት። ቦሌ ስደርስ ግን ከማን ጋር እንደመጣሁ የሚለይ አልነበረም። ነጠላ ጫማ ብቻ አድርገው የወረዱ ልጆች አየሁ። አንዷ ከጎኔ ተቀምጣ ሙሉ በረራውን አልተናገረችም። የ11 ወር ደሞዟን ሳይሰጧት ነው የወጣችው። ይህን የሰማሁት ከሌሎች ነው።

እና አገሬ ስገባ አረብ የሚባል ነገር ጠላሁ። ቋንቋውን፣ ሽቶውን፣ ሁሉን።

ደሴ ላይ አባቴ በዱቤ ዘይትና ሻሽ የሚያመጣበት የአረብ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ አባቱ ከየመን የመጣ ሰው ነው፤ እሱ ግን ደሴ ተወልዶ ደሴ ያረጀ፣ «አብሽሪ» ሲል ከኛ የማይለይ ሽማግሌ ነው። ከመጣሁ በኋላ እናቴ ዘይት አምጪ ብላ ወደዚያ ስትልከኝ አልሄድም አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። «አረብ ናቸዋ» አልኳት። እናቴ ቡናዋን እየቆላች ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ ሰውዬ ጅዳ ሄዶ ያውቃል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን አልሄድኩም። ዘይቱን ከሌላ ሱቅ በውድ ገዛሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር አላለፍኩም። ሽማግሌው በዚያ መሃል ሞተ። ልቅሶው ላይም አልነበርኩም። አባቴ በዱቤ የወሰደውን ስንት ጊዜ ዝም ያለልን ሰው ነው።

ሰው ስለኛ ሲያወራ «ወሎ ፍቅር ነው» ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። የናቴ እናት ክርስቲያን ነበረች፣ ያባቴ አባት ሼኽ። እኛ ቤት ኢድም ፋሲካም እኩል ይበላል። ግን ይህን ምስጋና እንደ መጋረጃ ስንጠቀምበትም አይቻለሁ። ሐይቅ ገበያ ሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ጥግ ነው የሚቀመጡት። ጀበናውን ከነሱ እንገዛለን፣ ምጣዱን ከነሱ እንገዛለን። ሕፃን ያዘለች እናት ግን እዚያ ስትደርስ የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች። ቡዳ ናቸው ብላ። እናቴም አድርጋዋለች፣ ስለ የመኑ ሽማግሌ ያን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀችኝ እናቴ። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ስጠይቃት የአክስቴ ልጅ ከገበያ መልስ አተኩሶት እንደሞተ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት በዚያ መንደር በወባና በተቅማጥ ስንት ልጅ ሞቷል፣ ማን ቆጥሮ። የአንዱ ግን ለሸክላ ሠሪዎቹ ተጻፈባቸው፣ ከነልጅ ልጆቻቸው።

ስም የተለጠፈባቸው እነሱ ብቻ አይደሉም። አባቴ በ1977 ረሃብ ጊዜ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ያኔ ባቲና ኮረም የነበረውን መጠለያ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየበት ጊዜ ነው። ክፍል ሊከራይ ሲሄድ ከሦስት ቤት መልሰውታል። ወሎዬ ነው፣ ነገ ዘመዱን ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል ብለው። አባቴ ይህን ሲያወራ ይስቃል። ሦስተኛዋን አከራይ ግን ኮቷ ምን ዓይነት እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል።

ስለ 2014 ብዙ አልጽፍም። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ የኔም ቁርስ ቤት ተዘርፏል፣ የሻይ ማሽኔ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አብሮን ቡና የጠጣ ጎረቤት በእናት ቋንቋው ብቻ ሲጠረጠር አየሁ። ልጆቹ ጓሮ ወጥተው መጫወት ሲተዉ አየሁ። እኔም ያኔ ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ሰው አለ። ማሽኔን እሱ አልነቀለውም፤ በዚያ ሰሞን ከኛው ጋር ምድር ቤት ተደብቆ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አይቼ ነው ያን ማክሰኞ «እናንተ ሁላችሁም» ያልኩት። የማዳምን ቃል፣ ያውም ወደ አማርኛ ተርጉሜ።

ምናልባት የምታነቡኝ ሰዎች የተጎዳችሁ ትሆናላችሁ። የተሰረቀ፣ የተደበደበች፣ ደሞዟ የቀረባት። ለናንተ «እርሱት» አልልም፣ እኔም አልረሳሁም። ሰው ሲበደል ብድሩ የት እንደሚያርፍ ነው ነገሩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ የ11 ወር ደሞዝ የሚጠየቅበት ስም ያለው ሰው አለ፣ አድራሻ ያለው። «አረቦች» ስንል ያ ሰውዬ በመካከላቸው ይሰወራል። እሱን የሚያህል ተጠቃሚ የለም። እኔ ብዙ ዓመት አረብ ስሰድብ ከጅዳው ቤት አንድም ሰው አልሰማኝም። የሰማኝ ደሴ ያለው ሽማግሌ ነው።

ሌላም ነገር ከጊዜ በኋላ ነው የገባኝ። ጅዳ ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነበር። ያኔ ከአገር ለመውጣት የከፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪ፣ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። አንድን ሰው የሌላው ሰው ቁልፍ አድርገህ ስታስቀምጠው ደጉም ይበላሻል፣ ክፉው ደግሞ ይብስበታል። ይህ ከደም ጋር ምን አገናኘው? ደሴና ኮምቦልቻ ከገጠር በመጡ ልጆች የሚሠራውን እዩት። ውል የላት፣ የዕረፍት ቀን የላት፣ ደሞዟ «ይቀመጥልሽ» እየተባለ ዓመት ይሞላዋል። አሠሪዎቹ አረቦች አይደሉም። ቡና ስንጠጣ ረከቦቱ ዙሪያ አብረውኝ የሚቀመጡ ናቸው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ከጠቀማችሁ። ሠራተኛ ስቀጥር መታወቂያ እይዛለሁ፣ ዋስ እጠይቃለሁ፣ ደሞዝና የሥራ ሰዓት ወረቀት ላይ እናሰፍራለን። ለሁሉም። ባለፈው የእህቴን ልጅ ስቀጥር እሷንም ዋስ አምጪ አልኳት፣ እህቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ዋስ ሆና የፈረመችው ግን ራሷ ናት። ይህ ጥንቃቄ ነው። የዚያን አገር ልጅ ብቻ ዋስ ጠይቄ የሐይቅን ልጅ ባሳልፍ ኖሮ ሌላ ስም ነበረው። ማዳምም ቢላዋውን ከሁላችን ደብቃው ቢሆን፣ ከልጆቿም ከእህቷም፣ ምንም አይሰማኝም ነበር። የቤት ደንብ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። መሳቢያውንም ትቼዋለሁ፤ የዕለቱን ገቢ ማታ ማታ ባንክ አስገባለሁ። እውነቱን ለመናገር ሌባ የሚያቆመው ይሄኛው ነው።

አፌንም አሠለጥነዋለሁ። ታሪኩን ሳወራ «የሰረቀችኝ ልጅ» እላለሁ። «ከየት ናት?» ይሉኛል ወዲያው፣ ሁሌም። «ከጓዳዬ» እላቸዋለሁ። ቡና ላይ አንዷ «እነሱ እኮ...» ብላ ስትጀምር «ማን? ስሙ ማን ነው?» እላለሁ። አንዳንዴ ስም ይመጣል፣ ያኔ ወሬው ወሬ ይሆናል፣ የሚጣራ የሚፈታ ነገር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ስም አይመጣም። ቶናው ሳይደርስ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ጎረቤቶቼ በዚህ ይሰለቹኛል። እውነታቸውን ነው፣ ቡና ያለ ሐሜት ምን ወግ አለው። አንዷማ «አንቺ አረብ አገር ሄደሽ ዳኛ ሆነሽ መጣሽ» ብላኛለች።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ በስሟ፣ በፎቶዋ። ብሩ አልተመለሰም። ነጠላውም።

ዕቃ አጣቢዋን ያን ማለዳ «አፉ በይኝ» አልኳት። ሻንጣዋን እያስገባች «ምንም አይደል እትዬ» አለች። አንገቷን ሳታቀና ነው ያለችው። የወሩን ደሞዟን ጠየቀችኝ፣ ገና 19 ቀን ነበር፣ የሙሉ ወር ሰጠኋት። ቆጠረችና የ11 ቀኑን መለሰችልኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ተከትያት ሄጃለሁ፣ ነይ ተመለሺ ብዬ ለምኛለሁ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ነው ያለችኝ።

አገሯ አልገባችም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቁርስ ቤት ተቀጥራለች። ማለዳ ማለዳ በራፉን ስትጠርግ አያታለሁ። «እንዴት አደሩ እትዬ» ትለኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። ማበጠሪያዋን አንስቼ ጓዳ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬላታለሁ። መንገዱን ተሻግራ አታውቅም።